የሕንፃን ካርቦን ከሲሚንቶው መቀነስ፦ አዲስ አበባ ላይ ለሚገነባ

አውሮፓ ውስጥ የሕንፃ ካርቦን ይቀነስ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው የማሞቂያ ጋዝና ብርድ የሚከላከል የግድግዳ ሽፋን ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ምክር ብዙም አይረዳም። የአገሩ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ማሞቂያ ያለው ቤትም ጥቂት ነው። (በዚህ አየር ፎቁን በመስታወት ሸፍኖ ኋላ ኤሲ የሚያስገጥም ባለ ሕንፃ ችግሩን ራሱ ገዝቶ ነው የሚያመጣው።) እዚህ አብዛኛው ካርቦን የሚወጣው ቤቱ ሲገነባ ነው፤ ትልቁ ምንጭም ሲሚንቶ ነው።

የኖራ ድንጋይ በ1450 ዲግሪ ገደማ ተቃጥሎ ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጣር) ሲሆን ድንጋዩ ራሱ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። የምድጃው ነዳጅ ሲታከልበት ለአንድ ቶን ክሊንከር ወደ 850 ኪሎ ይደርሳል። ምድጃው ምንም ያህል ቢሻሻል ከድንጋዩ የሚወጣው ከግማሽ በላይ ስለሆነ አይቀርም። ስለዚህ የሚያዋጣው ክሊንከሩን መቆጠብ ነው።

ለግንብ፣ ለልስንና ለሊሾ ፒፒሲ የሚባለውን ድብልቅ ሲሚንቶ ይግዙ። ኦፒሲ የሚባለው መደበኛ ሲሚንቶ ቢያንስ 95 በመቶው ክሊንከር ሲሆን፣ ፒፒሲ ብዙውን ጊዜ ከ65 እስከ 79 በመቶ ነው፤ የቀረው እንደ ፑሚስ ያለ የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ለኮለን፣ ለቢምና ለሶሌታ ግን መሐንዲሱ የጻፈውን አይቀይሩ። ፒፒሲ የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ስለሆነ 14 ቀን ውሃ ይጠጣ። ድጋፉ በጥድፊያ የተነቀለ ሶሌታ ይጎብጣል፤ ፈርሶ እንደገና ሲሞላ ሲሚንቶው እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ብዙ ሲሚንቶ የሚባክነው ግን በውሃ ምክንያት ነው። ለአንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሁለት ሣጥን አሸዋና ሦስት ሣጥን ጠጠር ይግባ፤ ሣጥኑ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በዚህ ልክ አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 7 ከረጢት ገደማ ይወስዳል። ውሃው 25 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን አንድ ሙሉና ሩብ። ክረምት ላይ ዝናብ የመታው አሸዋ በክብደቱ 5 በመቶ ውሃ ከያዘ፣ ሁለቱ ሣጥን ብቻቸውን 5 ሊትር ይዘው ይመጣሉ፤ ያኔ አንድ ጀሪካን ይበቃል። ሠራተኛው እንዲላላለት ብሎ ግማሽ ጀሪካን ቢደፋበት ከጥንካሬው ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ፎርማኑም ይህን ስለሚያውቅ «ለመተማመኛ» ብሎ አንድ ከረጢት ያስጨምራል። ኮንክሪቱ አልታዘዝ ካለ ቫይብሬተሩን ይጠቀሙ፤ አሸዋውንም ይመርምሩ። ግማሽ ጠርሙስ አሸዋ ላይ ውሃ ሞልተው ይነቅንቁትና ያሳድሩት። ከላይ የተኛው አፈር ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ ወይም ለሻጩ ይመለስ፤ አፈር ውሃ ይጠጣል።

ሲሚንቶውን ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ በሦስት ወር ውስጥም ይጨርሱት። የጓጎለውን ነፍቶ ኮለን ውስጥ መክተት አይሆንም።

ልስን ላይ የሚባክነውን ማንም ልብ አይለውም። ውፍረቱ 1.5 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ 4 የሚሆነው ብሎኬቱ ጠሞ ስለተደረደረ ነው። 100 ካሬ ግድግዳ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲጨመር አንድ ሜትር ኩብ ሞርታር ይሄዳል፤ 7 ከረጢት ገደማ፣ በፒፒሲ እንኳ ከ200 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ስለዚህ ግንበኛው በየሦስት ረድፉ ቱንቢ ይጣልና ውሃ ልክ ያሳርፍ። የጠመመው ረድፍ ሞርታሩ ሳይደርቅ ቢነሳ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።