መልሱን አይቶ የሚመጣ ጥያቄ፣ ለሥራ ውል ቅጽ

የሥራ ውል ቅጽ ስታዘጋጁ ሁሉንም ጥያቄ ለሁሉም ሰው አትደርድሩ። የሙከራ ጊዜ የሌለውን ሠራተኛ «ስንት ቀን?» ማለት ምን ይሉታል?

ጉግል ፎርምስ (የጉግል ቅጽ ማዘጋጃ) ላይ እንሥራው። «የሙከራ ጊዜ አለው?» የሚለውን በመልቲፕል ቾይስ (አንድ መልስ ብቻ በሚያስመርጠው) አስገቡ፤ መልሱ «አለው» ወይም «የለውም»። ከሥሩ ሁለተኛ ሴክሽን (የቅጹ ክፍል) ክፈቱና «ስንት የሥራ ቀን?» የሚለውን በሾርት አንሰር (በአጭር ጽሑፍ በሚመለሰው) ለብቻው እዚያ አስቀምጡ፣ ደመወዙና ሌላው ሦስተኛው ላይ ይቀጥላል። አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሱ። ከታች ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ «ጎ ቱ ሴክሽን ቤዝድ ኦን አንሰር» (በመልሱ መሠረት ወደ ክፍል ሂድ) የሚለውን ምረጡ፤ «አለው» ያለ ወደ 2 ይሂድ፣ «የለውም» ያለ በቀጥታ ወደ 3።

ቼክቦክስ (ብዙ መልስ የሚያስመርጠው) ላይ ግን ይህ ምርጫ የለም። እኔ ግማሽ ቀን ስፈልገው የዋልኩት እዚህ ጋ ነው!

የቀኑን ቁጥርም ገድቡት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ስለሚል፣ በ«ስንት የሥራ ቀን?» ጥያቄ ሦስት ነጥብ «ሪስፖንስ ቫሊዴሽን» (የመልስ ገደብ) ገብታችሁ ከ60 በላይ እንዳይቀበል አድርጉ። ጥያቄውን ሪኳየርድ (የግድ የሚመለስ) ብታደርጉትም ሴክሽኑን የዘለለውን ሰው አያስቸግርም።

ከመላካችሁ በፊት ፕሪቪው ከፍታችሁ ሁለቴ ሙሉት፣ አንዴ «አለው»፣ አንዴ «የለውም» እያላችሁ።