ልጅ ሲዘገይ፦ ቤት ውስጥ ምን እንሞክር? ክሊኒክስ መቼ እንሂድ?

እኔና ባለቤቴ ክሊኒክ የሄድነው ከተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በግምት፣ በጎረቤት ምክርና ከፋርማሲ በገዛሁት ክኒን ፈጅተናቸዋል። ዛሬ ብጀምረው በዚህ ቅደም ተከተል አደርገዋለሁ።

1. መጀመሪያ ወራቱን ቁጠሩ

ሴቷ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች፣ ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክሩ። 35 ከሞላት ስድስት ወር ይበቃል። የወር አበባዋ የሚዘል ወይም የሚጠፋ ከሆነ ግን አትጠብቁ። ከማህፀን ውጭ እርግዝና ገጥሟት የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይም ባልየው የዘር ፍሬው ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገለትም እንደዚሁ። ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም ከአሁኑ ትጀምር።

2. የቤቱ ሥራ

ቤት ውስጥ የምትሠሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀኑን ማወቅ። እንቁላል ከወጣች በኋላ የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። ስፐርም ግን ሴቷ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጥሩዎቹ ቀናት እንቁላል ከመውጣቷ በፊት ያሉት አምስቱና ራሱ የምትወጣበት ቀን ናቸው። በእነዚህ ቀናት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ተገናኙ።

«14ኛው ቀን» የሚባለው የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። የእኔ 34 ነው። እንቁላሌ የምትወጣው ወደ 20ኛው ቀን ሆና ሳለ፣ እኛ ለወራት 14ኛውን ቀን ካላንደር ላይ እያከበብን ስንደክም ነበር።

ቀኑን ለማወቅ የሽንት ስትሪፕ ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ሞክሩት፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውሃ አታብዙ። ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው እኩል ወይም የበለጠ ካልደመቀ «አለ» አይባልም። እኔ ደብዘዝ ያለውን ሁሉ እየቆጠርኩ ተሸውጃለሁ። መስመሩ በደንብ ከደመቀ እንቁላሏ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች። ፒ ሲ ኦ ኤስ (እንቁላል በጊዜዋ እንዳትወጣ ሊያደርግ የሚችል የሆርሞን መዛባት) ያለባት ሴት ስትሪፑን ብዙም አትመነው፤ ስትሪፑ የሚያነበው ሆርሞን ሁሌም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ጠዋት ጠዋት በቴርሞሜትር ሙቀት መለካትም አለ። ሁለት ወር ሞከርኩትና ተውኩት። ሙቀቱ የሚጨምረው እንቁላሏ ከወጣች በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ በሲሪንጅ ዘር ማስገቢያ ዕቃ ሲሸጥ አይታችሁ ይሆናል። በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ግንኙነት ለማይሆንላቸው ይጠቅማል። ለሌላው ከተለመደው ግንኙነት አይበልጥም። በምንም ዓይነት ግን ማህፀን ውስጥ ድረስ አታስገቡት። ክሊኒክ ውስጥ ዘሩ ታጥቦ (ስፐርሙ በላብራቶሪ ከፈሳሹ ተለይቶ) ነው የሚገባው፤ ያልታጠበው ከባድ ቁርጠትና ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል።

ስለ ጸበል የምለው የለኝም፤ እኔም ተጠምቄያለሁ። ስም በሌለው ጠርሙስ የሚሸጠውን የባህል መድኃኒት ግን አትንኩት። ውስጡ ያለውን ሐኪሙም አያውቀው።

3. የባልየው ምርመራ

ሁላችንም የምንሸሸው ይህን ነው። ልጅ ሲዘገይ ዓይን ሁሉ ሴቷ ላይ ነው። አማቴ ሦስት ጸበል ይዛኝ ዞራለች፤ ልጄ ይመርመር ብላ ግን አላሰበችም። እኔም አላሰብኩም። ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ ግን የወንዱም ችግር አለበት። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ መርፌ የለው፣ ማደንዘዣ የለው፣ ከሁሉም ርካሽ ነው።

ባልን ማሳመን ነው ሥራው። «እኔ ደህና ነኝ» ይላሉ። የአልጋ ጉልበትና የስፐርም ቁጥር አይገናኙም። እኔ ማታ ተኝተን ሳለ አነሳሁበትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የሠራው ሐኪሙ «ሁለታችሁም» ብሎ በአንድ ወረቀት ሲያዝልን ነው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። እዚያው ሁዳዴ ገባ።

ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። ከምርመራው በፊት ከግንኙነት መታቀብ ያለበት ከ2 እስከ 7 ቀን ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እኛ ደግሞ በጾም አልጋ እንለያለን። ፋሲካ በዋለ በማግስቱ ሄዶ ሰጠ። ላብራቶሪዋ «ስንት ቀን ሆነህ?» ስትለው አፍሮ «ሦስት» አላት። ውጤቱ መጣ፤ ቁጥሩ ደህና፣ አብዛኞቹ ግን የማይንቀሳቀሱ። አንድ ሳምንት ሐዘን ተቀመጥን።

ሐኪሙ በኋላ እውነቱን ሲሰማ ሳቀ። ብዙ ቀን የተጠራቀመ ዘር ቁጥሩ ይበዛል፣ እንቅስቃሴው ግን ይደክማል። አራት ቀን ብቻ ታቅቦ ሲደገም እንቅስቃሴው ተሻሻለ፣ ቁጥሩ ግን በአንድ ሚሊ ሊትር 9 ሚሊዮን ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ መነሻ 16 ሚሊዮን ነው። የመጀመሪያው ውጤት የሌለ ችግር አሳይቶን ያለውን ደብቆብን ነበር። የምትጾሙ ከሆነ ቀጠሮውን ከፋሲካ ሁለት ሳምንት አርቁት።

ሌላው ጥንቃቄ ይኸው፦ ፈሳሹ በሙሉ ዕቃው ውስጥ ይግባ፤ በተለይ የመጀመሪያው ጠብታ እንዳይፈስ፣ ብዙው ስፐርም እዚያ ነው። በኮንዶም አይሆንም፤ ሳሙናና ቅባትም አይነካውም። ከቤት የሚወሰድ ከሆነ ሰውነት ላይ ተጠግቶ እንደሞቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። ጀሞ ለሚኖር፣ ጠዋት በዚያ ትራፊክ፣ ይህ ቀልድ ነው። እዚያው ይስጥ። የባለቤቴ «ክፍል» መጸዳጃ ቤት ነበር፤ በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኩበት። ሌላ ቦታ የተሻለ ክፍል አላቸው፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ድገሙት። ስፐርም ተሠርቶ የሚያልቀው ከሁለት ወር በላይ ወስዶ ነው፤ በመሃል የያዘ ከባድ ትኩሳትም ያበላሸዋል። ጂም ሄዳችሁ ቴስቶስትሮን የምትወጉ ደግሞ ስሙ፤ መርፌው ሰውነት ስፐርም ማምረቱን ያስቆማል። በኦንላይን የሚሸጠው የቤት መመርመሪያ አብዛኛው ቁጥር ብቻ ነው የሚናገረው። ገንዘባችሁን ያዙ።

4 እና 5. የሴቷ ምርመራ

አልትራሳውንድ፣ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን፣ የእንቁላል ክምችት። ከዚያ ቱቦዎቿ ክፍት መሆናቸውን የሚያሳየው ራጅ፤ የወር አበባ ካለቀ በኋላ፣ እንቁላል ሳይወጣ ነው የሚሠራው። ያማል። ማስታገሻ ቀድማ ትውሰድ፤ ሰው ይዛ ትሂድ።

6. የክሊኒኩ ሕክምና

ክሎሚድና ሌትሮዞል የሚባሉት ክኒኖች በዋናነት እንቁላል ለማያወጣ ሰው ናቸው። እኔ ግን ጓደኛዬን ስለሠራላት ብዬ ክሎሚድ አምስት ወር ውጬዋለሁ፤ ያለ አልትራሳውንድ። እንቁላሌ በራሷ ጊዜ ትወጣ ነበር፤ ችግሩ ሌላ ጋ ነው። መድኃኒቱ የማህፀንን ግድግዳ ሊያሳሳ ይችላል፣ መንታ የመሆን ዕድልንም ይጨምራል። ያለ ክትትል አይወሰድም።

አይ ዩ አይ የሚባለው የታጠበ ዘር ማህፀን ውስጥ ማስገባት ነው። ክፍት ቱቦና በቂ የሚንቀሳቀስ ስፐርም ይፈልጋል። ከሦስት አራት ሙከራ በላይ አትድገሙት። ቱቦ ከተዘጋ ወይም ስፐርሙ በጣም ጥቂት ከሆነ ቀጥታ ወደ አይ ቪ ኤፍ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል መርፌ፣ እንቁላል ማውጣት፣ ውጭ ማዳቀል፣ ከሦስት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ መመለስ። ድሮ አቅም ያለው ሕንድና ባንኮክ ይሄድ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት ማዕከል ተከፍቷል፤ የግሎችም አሉ። ዋጋ ሲነግሯችሁ «መድኃኒቱ ውስጡ አለ?» በሉ። ብዙ ጊዜ የለም፤ እሱ ደግሞ ትልቅ ወጪ ነው።

7. ሁለቱ የመጠበቂያ ሳምንታት

እንቁላል እንዲወጣ የሚሰጠው ኤች ሲ ጂ መርፌ የእርግዝና መመርመሪያ የሚያነበው ራሱ ሆርሞን ነው። ከሰውነት እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ሊደርስ ይችላል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ከመጀመሪያው አይ ዩ አይ በኋላ በስድስተኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ ሁለት መስመር አየሁ። ባለቤቴን ቀሰቀስኩት፤ ባዶ እግሩን ኮሪደር ላይ ቆሞ አለቀሰ። ክሊኒክ ስደውል ነርሷ ቀስ ብላ «እህቴ፣ እሱ መርፌው ነው» አለችኝ።

ዘሩ ከገባ በ14ኛው ቀን የደም ምርመራ ይደረግላችኋል። እስከዚያ የእርግዝና ስትሪፕ ቤት ውስጥ አይኑር። በሁለተኛው ዙር የቀሩኝን ለእህቴ ሰጠኋት፤ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ሥራ ሄደች።