አዲሱ የሣር ማጨጃ ላይ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት፦ የሞተር ዙር ሲለካና ሲስተካከል የማያቸው ስህተቶች

ሜሪላንድ ውስጥ ሚያዝያ ሲገባ ስልኬ ፋታ አይሰጠኝም። ብዙ ወገኖቻችን ከአፓርታማ ወጥተው ግቢ ያለው ቤት ገዝተዋል። ሣሩ ደግሞ ሁለት ዝናብ ካገኘ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። እየገፉ ማጨዱ ሲያደክም፣ ተቀምጠው የሚነዱት ማጨጃ ይገዛል። እስከዚህ ድረስ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ የፋብሪካው ስቲከር ሳይላጥ ካቻቢቴ ሲነሳበት ነው።

ሞያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ መኪና ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚህ ግን እንጀራዬ እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ናቸው። የአዲስ ማጨጃን የሞተር ዙር፣ ማለትም ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ማየት ጥሩ ልማድ ነው፤ ሲገጣጠም ከፍጥነት እጀታው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ኬብል በደንብ ሳይሳብ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ማየትና መነካካት ግን ለየቅል ናቸው።

በጆሮ መለካት

"ድምፁን ስሰማው ይገባኛል" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አይገባችሁም። እኔም ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ 3,300 ዙርን ከ3,600 በጆሮ ለይቼ አልምልም። ማርሚታው፣ ቺንጋው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ሁሉም የራሱ ጩኸት አለው። ለትንንሽ ሞተር የሚሆን ታኮሜትር (የዙር መለኪያ) 20 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ሽቦውን የካንዴላው ገመድ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥማችሁ ማንበብ ነው።

ታኮሜትሩን ለመኪና እንደሚደረገው ማዘጋጀት

ይህን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የአንዲት እናት አዲስ ማጨጃ ላይ ታኮሜትሬን አሰርኩና 6,600 አነበበ። ደነገጥኩ። ኬብሉን ቀንሼ ቀንሼ 3,300 ላይ አመጣሁትና "እትዬ፣ አሁን ሰላም ነው" ብዬ ሄድኩ። በማግስቱ ደወሉ፦ "ልጄ፣ ሣሩን እያስተኛው ነው የሚያልፈው እንጂ አይቆርጥም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው የሚያቃጥለው። የእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች እሳት ግን የሚመነጨው ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ መንኮራኩር) ላይ ካለው ማግኔት ነው። ማግኔቱ በየዙሩ ኮይሉን (እሳቱን የሚያመነጨውን ጥቅል ሽቦ) ስለሚያልፍ ካንዴላው በየዙሩ ይተኩሳል፤ አንደኛው እሳት በከንቱ ይሄዳል። ታኮሜትሩ እንደ መኪና "ለሁለት ዙር አንድ እሳት" ተብሎ ከተዘጋጀ እጥፍ ያነባል። ስለዚህ የሴትዮዋን ሞተር 1,650 ላይ አውርጄው ነበር ማለት ነው። ተመልሼ አስተካከልኩ፤ ገንዘብም አልተቀበልኩም። እናንተ "አንድ ዙር፣ አንድ እሳት" የሚለው ላይ አድርጉት። ሁለት ሲሊንደር ያላቸው ላይም በአብዛኛው አንደኛውን ገመድ ብቻ ይዛችሁ እንደዚሁ ነው።

ገቨርነሩን መንካት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ገቨርነር የሞተሩ ልጓም ነው። በብዙዎቹ ማጨጃዎች ላይ፣ ዘይቱ ውስጥ በጥርስ የሚዞሩ ትንንሽ ክብደቶች አሉ። ዙሩ ሲጨምር ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይበተኑና የካርቡራቶሩን በር ይዘጋሉ። ከውጭ ደግሞ አንዲት ቀጭን ሞላ በሩን ወደ መክፈት ትስባለች። የሞተሩ ዙር የሚጸናው በሁለቱ ጉተታ መካከል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የፍጥነት እጀታው ጥንቸሏ (የሙሉ ፍጥነት ምልክቷ) ላይ ሲሆን በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው። እንግዲህ ልጓሙ ተበጥሶ ሞተሩ ቢነሳ የሚሆነውን አስቡት።

ባለፈው ዓመት አንድ ጋሼ ገና የመጀመሪያ ወቅቱ ላይ ያለ ማጨጃ አስጎትተው አመጡ። "ጉልበት አነሰው" ስላሉ የአክስታቸው ልጅ ገቨርነሩ ዘንግ ላይ ያለችውን ዳዶ ፈትቶ፣ ክንዷን እንደመሰለው አዙሮ መልሶ አሰራት። ሲያስነሱት እንደ ሳይረን ጮኸ። ጋሼ ቁልፉ ጋ እስኪደርሱ አልጠበቀም። ሞተሩን ስከፍተው ከአልሙኒየም የተሠራው ቢየላ (ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ከኮሎው፣ ከዚያው ዘንግ፣ ላይ ተበጥሶ፣ የሞተሩን ጎን በእንቁላል መጠን በስቶ ወጥቷል። ዘይቱ ደጃፋቸው ሲሚንቶ ላይ ቀርቷል። ዋስትናው አልሸፈነላቸውም፤ ዳዶዋ ላይ የነበረው የፋብሪካ ቀለም ተሰንጥቆ ይታያል።

"ትንሽ ብቻ ልጨምርለት" የምትሉም አላችሁ። ዙሩን ከ3,300 ወደ 4,000 ብትወስዱት ጭማሪው 21 በመቶ ነው። ቢየላውን የሚጎትተው ኃይል ግን 47 በመቶ ያድጋል፤ በዙሩ ካሬ ነው የሚሄደው። ጣታችሁ ላይ 21፣ ቢየላው ላይ 47። ቢላዋውም አብሮ ይፈጥናል። አሜሪካ ውስጥ ለቤት ማጨጃ የሚሠራበት የደኅንነት ደረጃ የቢላዋው ጫፍ በደቂቃ ከ19,000 ጫማ እንዳያልፍ ይላል። ይህም በሰዓት 347 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 21 ኢንች ቢላዋ በአንድ ዙር 5.5 ጫማ ስለሚጓዝ፣ ቢላዋው 3,450 ዙር ግድም ላይ ወሰኑን ይነካል። ቢላዋው ጠጠር ቢያገኝ ወይም ቢሰነጠቅ፣ ጠጠሩ ወይም ስባሪው በዚያ ፍጥነት ገደማ ሊወረወር ይችላል። አጥር ጥግ የቆመ ልጅ አለ። እባካችሁ፣ ያቺን ዳዶ ተዉአት።

ዙሩ ቢያንስስ? መጀመሪያ ኬብሉን እዩ። እጀታችሁ ጥንቸሏ ጋ ቢደርስም፣ ሞተሩ ላይ ያለው ክንድ መጨረሻው ድረስ ላይሄድ ይችላል። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ የኬብሉን ልባስ የያዘችውን ማሰሪያ ላላ አድርጓት፤ ክንዱን እስከ ማቆሚያው ግፉና መልሳችሁ አጥብቁ። ከዚያ እንደገና ለኩ። አነሰልኝ ብለው ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ በዚህ ይድናሉ። ካልዳነ፣ ዋስትናው እያለ ለሻጩ መልሱ፤ እሱ ይጨነቅበት።

ቁጥሩን ከጎረቤት መዋስ

"የእገሌ 3,600 ነው፤ የኔ ለምን 3,200?" አንድ ዓይነት ሞተር የተለያየ ማጨጃ ላይ ይገጠማል። የቢላዋው ርዝመትና የፑሊዎቹ መጠን ስለሚለያይ ዙሩም አብሮ ይለያያል። ትክክለኛው ቁጥር የማጨጃችሁ መመሪያ ውስጥ ያለው ነው።

ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ማንበብ፣ ወይም ቾኩ ሳይከፈት። አምስት አሥር ደቂቃ ይሙቅ።

ቢላዋውን አስነስቶ መለካት። አታድርጉት፤ መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር ያለ ጭነት ነው። ፍሬኑ ይያዝ፣ መሬቱ ደልዳላ ይሁን።

ጋራዥ ውስጥ መለካት። በሩ ክፍት ቢሆንም ቤት ውስጥ አታስነሱት፤ የጭሱ መርዝ ሽታ የለውም።

የሚዋዥቅ ሞተርን በዙር ማስተካከል። ከፍ ዝቅ እያለ "ውው... ውው..." የሚል ሞተር ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ቤንዚን ነው የሚያጣው። ክረምቱን ጀሪካን ውስጥ ያደረ ቤንዚን ካርቡራቶሩን ይደፍናል። ሞላዋን አትሳቡ፤ ቤንዚኑን ቀይሩ።

ቀስ ብሎ ለመሄድ ዙር መቀነስ

ይህን የሚያደርጉት ጥንቁቆቹ ናቸው፤ ስለዚህ አልቆጣም። አዲስ ነጂ ይፈራል። እጀታውን ኤሊዋና (የዝግታ ምልክቷና) ጥንቸሏ መሐል ላይ አድርጎ "አዲስ ስለሆነ አላስጨንቀውም" ይላል። ሞተሩ የሚበርደው ግን ራሱ በሚያዞረው ማራገቢያ ነው። ዙሩ ሲቀንስ ነፋሱም ይቀንሳል፤ የማጨዱ ሥራ ግን ያው ነው፤ ሞተሩ ይግላል። ቢላዋውም ሣሩን የሚያቆምበት ነፋስ ስለሚያጣ፣ አንዱን እየላጨ አንዱን ያስተኛል። ስታጭዱ እጀታው ጥንቸሏ ላይ ይሁን። መዘግየት ከፈለጋችሁ በፔዳሉ ወይም በማርሹ ዝግ በሉ። ከማጥፋታችሁ በፊት ብቻ ወደ ሚኒሞ (ዝቅተኛው ዙር) አውርዱት።

የመጀመሪያውን ንባብ አለመጻፍ

መመሪያውን ብታስቀምጡም፣ የእናንተ ማሽን አዲስ ሳለ ስንት ያነብ እንደነበር የሚነግራችሁ የለም። እኔ የሞተሩ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በማይለቅ ማርከር እጽፋለሁ። የራሴ ላይ እንዲህ ይላል፦ "2 ሰዓት የሠራ። ላይ 3,350፣ ሚኒሞ 1,750።" ከሥሩ በየሚያዝያው አንድ መስመር እጨምራለሁ። ዘንድሮ ላይኛው 3,150 ሲያነብ ኬብሉ መላላቱን ወዲያው አወቅሁ፤ አጥብቄው ቁጥሩን ጽፌ ክዳኑን ዘጋሁ።