የእንግሊዝኛ የድምፅ ቃላትን ወደ አማርኛ እንዴት እንደምንመልስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የልጆች ተረት ከእንግሊዝኛ መልሼ ለእህቴ ልጆች አነበብኩላቸው። ዝናብ የሚመጣበት ገጽ ላይ «ነጎድጓዱ አጨበጨበ» ብዬ ጽፌ ነበር። ትልቋ አቋረጠችኝ። «ለማን ነው ያጨበጨበው?»

መልስ አልነበረኝም። ክላፕ የሚለውን ቃል አይቼ መዝገበ ቃላቱ ላይ የመጀመሪያውን ፍቺ አንስቼ ነው የለጠፍኩት። ክላፕ ግን ከሥሩ የድምፅ ቃል ነው። ሁለት ነገር በኃይል ሲማታ የሚሰማውን ይቀዳል፤ እጅም ይሁን ሰማይ ግድ የለውም። «ሰማዩ ጓ አለ» ብል ኖሮ ማንም አያቋርጠኝም ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምን እንደሚሰማ ሳታውቁ ብዕር አታንሱ።

ቀጥሎ ድምፁ በቃሉ ውስጥ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል የሚለውን ለዩ። እንግሊዞች እርግብን ፒጅን ይላሉ። ቃሉ የመጣው ከላቲኑ ፒፒዮ ነው፤ ፒፕ ፒፕ የሚል የወፍ ጫጩት ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ እንግሊዝ ሲደርስ ጩኸቱ መንገድ ላይ ቀረ። ዛሬ ፒጅን ሲባል ወፍ የሚሰማው የለም። እንዲህ ያለውን «እርግብ» ብሎ ማለፍ ነው። ስኒዝ፣ ማለትም ማስነጠስ፣ ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ በፍን ነበር የሚጀምረው፦ ፍኔኦሳን። በዚያ ጥምር ድምፅ የሚጀምሩ ቃላት ከቋንቋው እየጠፉ ሲሄዱ ስን ቦታውን ወሰደች። ከአፍንጫ ጋር የሚነካኩ ሌሎች ቃላትም በዚሁ ይጀምራሉ፤ ስኖር ማንኮራፋት ነው፣ ስኒፍ በአፍንጫ መሳብ ነው። ሰው አፍንጫውን ሲጨማድድ የሚሰማ ይመስላል። እኛ ግን «አስነጠሰ» ስላለን ብዙ አንጨነቅ።

አሁን ወገብ የሚቆርጠው ደረጃ መጣ። እኔ ሦስት ጊዜ የወደቅኩት እዚህ ነው።

እንግሊዝኛ ድምፁን ራሱን ግስ ያደርገዋል። ስላም የሚለውን እንውሰድ (ከሰላም ጋር ምንም አይገናኝም፣ እንዲያውም ተቃራኒው ነው)። በር በንፋስ ሲላተምም ስላም ነው፤ ሰው ተናድዶ ሲዘጋውም ስላም ነው። አማርኛ እንዲህ አይታለልም። ድምፁን ለብቻው ያቆምና አጋዥ ያመጣለታል። በሩ በራሱ ከሆነ «ጓ አለ»። ሰው ካለበት «ጓ አድርጎ ዘጋው»። አለ እና አደረገ ከተምታቱ ታሪኩ ውስጥ ጥፋተኛው ይቀየራል። የመጀመሪያ ረቂቄ ላይ ንፋሱ ያደረገውን ሁሉ በአባትየው አላክኬ ነበር።

ይህ ብቻ አይደለም። ስንት ጊዜ እንደሆነም አማርኛ ይጠይቃል። ድሪፕ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ለአንድ ጠብታም፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያፈስ ቧንቧም ያገለግላል። እኛ ጋ «ጠብ አለ» አንዴ ነው። «ጠብ ጠብ አለ» ተደጋገመ ማለት ነው። «ተንጠባጠበ» ደግሞ ዝም ብሎ ይዝረከረካል። ድስት ሲፈላም እንደዚያው፣ ባብል የሚለውን አይታችሁ አረፋ ፍለጋ አትሂዱ፤ ወጥ ይንተከተካል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ጠብ ያለ ነገር የለም» ካላችሁ አንባቢው ስለ ውሃ ሳይሆን ስለ ገንዘብ ነው የሚያስበው።

መሣሪያን በተመለከተ፣ የኮምፒውተር ተርጓሚ ለዚህ ሥራ አይረባም ባይ ነኝ። ትልቁ መዝገበ ቃላትም ቢሆን በዝ ለሚለው «የንብ ድምፅ» ብሎ ይሸኛችኋል። እሱን ማን አጣው? «ጥዝዝ» የሚለውን የምታገኙት ንብ ያለበት ሄዳችሁ፣ ወይም እናታችሁን ጠይቃችሁ ነው።

እንስሳት ቀላል ናቸው። የእንግሊዝ አውራ ዶሮ ኮካ ዱድል ዱ ይላል፣ የኛው ኩኩሉ። ላማቸው ሙ፣ ላማችን እምቧ። እግረ መንገዴን፣ የሰው ቋንቋ የተወለደው የእንስሳ ጩኸት ከመቅዳት ነው የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። ማክስ ሙለር የተባለው የኦክስፎርድ ምሁር በ1861 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰጠው ትምህርት ይህን ሐሳብ «ባው ዋው» ብሎ አላገጠበት፤ ባው ዋው የእንግሊዝ ውሻ ጩኸት ነው። ዳክዬን ግን ኳክ ኳክ ብላችሁ ተዉአት። ብዙዎቻችን ከዳክዬ ጋር አላደግንም።

ጥንድ ቃላት ሲመጡ ቅርጹን አትቅዱ። እንግሊዝኛ በኢ ጀምሮ በአ ወይም በኦ ይጨርሳል፦ ቲክ ቶክ፣ ዲንግ ዶንግ። ተገልብጦ ቶክ ቲክ ቢባል ጆሯቸውን ይቆረቁራል። እኛ ያንኑ ድምፅ መድገም ይቀናናል፦ ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ፣ በሩ ኳ ኳ።

ስም ሆነው የገቡትን ደግሞ አትንኩ። ዚፕ መጀመሪያ የሽውታ ድምፅ ነበር። በ1923 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጉድሪች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የጎማ ቦት ጫማውን ዚፐር ብሎ ሰየመው፣ ከዚያ ስሙ ወደ መዝጊያው ተሻገረ። ለዚፕ አዲስ አማርኛ የሚፈልግ ሰው ሱሪውን ሳይዘጋ ይመሻል።

በመጨረሻ ለልጅ አንብቡት። ድምፁን ተቀብሎ ከደገመው ይቆይ። «ምንድን ነው እሱ?» ካለ ሰርዙት። እኔ «አጨበጨበ»ን ሰርዣለሁ፤ የእህቴ ልጅ ግን ሰማዩ ጓ ባለ ቁጥር ዞር ብላ ታየኛለች።