የመጀመሪያ ታሪካችሁን መቼ እንደምታሳትሙ አስቡበት
በሳይንስ ልብወለድም ሆነ በፋንታሲ ጀማሪ ከሆናችሁ፣ በየዓመቱ በወርልድኮን (የዓለም የሳይንስ ልብወለድ ጉባኤ) ከታዋቂው የሁጎ ሽልማት ጎን ለጎን የሚሰጠውን አስታውንዲንግ የተባለውን የአዲስ ጸሐፊ ሽልማት አትዘንጉት። ለእሱ የምትታጩት የመጀመሪያ ሥራችሁ በሙያዊ ኅትመት ከወጣ በኋላ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ቆጠራው በፈረንጆች ዓመት ስለሆነ፣ በዲሴምበር መጨረሻ የወጣ ታሪክ በቂ አንባቢ ሳያገኝ አንዱ ዕድል ያልፈዋል፤ የዕጩዎች ጥቆማ የሚካሄደው በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ወራት ነዋ! አሳታሚው ከተስማማ ወደ ጃንዋሪ ማሸጋገሩ ያዋጣል።

ለሁጎ ደግሞ ዘርፉን የሚወስነው የቃላት ብዛት ነው፦ ከ7,500 በታች አጭር ልብወለድ፣ ከዚያ እስከ 17,500 ኖቬሌት፣ እስከ 40,000 ኖቬላ። የሚጠቁሙትም የሚመርጡትም የጉባኤው አባላት እንጂ ዳኞች አይደሉም። ስለዚህ ዓመቱ ሲያልቅ ርዕሱን፣ አሳታሚውን፣ የቃላቱን ብዛትና ዘርፉን ጽፋችሁ ኢንተርኔት ላይ ለጥፉ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ጠቋሚዎቹ ራሳቸው የሚፈልጉት መረጃ ነው።