የራይድና የዴሊቨሪ አፕ ስትሰሩ ጂፒኤሱ ላይ የምትሳሳቱት

መጀመሪያ የሚያናድደኝን ልናገርና ይውጣልኝ። ስልኩ የላከውን ነጥብ ሁሉ እየደመሩ ኪሎሜትር አውጥቶ ማስከፈል! ኮዱን ሲያዩት ልክ ይመስላል፣ በሁለት ነጥብ መሀል ያለውን ርቀት አስልቶ መደመር ነው በቃ። ግን መኪናው ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ነጥቡ አብሮት አይቆምም እኮ፣ ሶስት ሜትር ወደዚህ አምስት ሜትር ወደዚያ ይዋልላል፣ አፑም ሁሉንም ጉዞ ብሎ ይቆጥረዋል። አንዴ "ቆመን ሒሳቡ ይጨምራል" ያለ ተሳፋሪ ቅሬታ ሳጣራ መኪናው ፎቆች መሀል ነው የቆመው፣ ሲግናሉ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ስለሚገባ ነጥቡ ጎን ያለው መንገድ ላይ ይዘልና ይመለሳል፣ አፑ ደግሞ ይባስ ብሎ እያንዳንዷን ነጥብ ቅርብ ያገኘው መንገድ ላይ ስለሚለጥፋት የቆመው መኪና ፎቁን ሲዞር ነው ያሳየኝ። ተሳፋሪው እውነቱን ነበር!

የስልኩ ጂፒኤስ ሪሲቨር ከዶፕለር (እንቅስቃሴ የሲግናሉ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከሚያመጣው ለውጥ) የሚያወጣው ፍጥነት አለላችሁ፣ ነጥብ ከነጥብ ቀንሳችሁ ከምታገኙት ብዙ ጊዜ በጣም ይሻላል፣ እሱ ዜሮ አካባቢ ሲሆን መደመር አቁሙ። ማፕ ማቺንግም (ነጥቦቹን ካርታው ላይ ካለ መንገድ ጋር ማዛመድ) ነጥብ በነጥብ አይሰራም፣ የፊቱንና የኋላውን አንድ ላይ አይቶ "ከዚህ መንገድ ወደዚያ በዚህች ሰከንድ ይደረሳል ወይ" ብሎ መጠየቅ አለበት። ኒውሰንና ክረም የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በሂደን ማርኮቭ ሞዴል (ከተዛቡት ነጥቦች ተነስቶ የተሄደበትን መንገድ በፕሮባቢሊቲ የሚገምት ዘዴ) አሳይተውታል፣ እነ ቫልሃላ የሚባሉ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌሮችም በነጻ ይሰሩላችኋል፣ ለምን ከዜሮ ትጽፉታላችሁ?

ስልኩ ከነጥቡ ጋር የሚሰጠውን አኩረሲ የሚለውን ቁጥር (የስህተት ግምቱን በሜትር) የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው፣ የሚያነበውም "ከዚህ አይበልጥም" ብሎ ይረዳዋል። አንድሮይድ ላይ እውነተኛው ቦታ ውስጡ የመሆን ዕድሉ 68 በመቶ የሆነ ክብ ራዲየስ ነው። 20 ሜትር ካላችሁ እውነተኛው ቦታ ከሶስት አንዴ ያህል ከክቡ ውጭ ነው ማለት ነው፣ እናንተ ደግሞ በ15 ሜትር ጂኦፌንስ (ካርታ ላይ የምታሰምሩት ክልል፣ ሲገባና ሲወጣ አፑ የሚያውቅበት) "ሾፌሩ ደርሷል" ትላላችሁ፣ ከዛ "ሄዷል"፣ ከዛ "ደርሷል"። መውጫውን ከመግቢያው ሰፋ አድርጉት፣ ይረጋል።

ጂኦጄሰን (የካርታ ዳታ የሚጻፍበት ፎርማት) ላይ ከኬክሮስ ኬንትሮስ ነው የሚቀድመው። መኪናችሁ ባህር ላይ ከታየ ሌላ ነገር አትፈልጉ።

"ሾፌሩ መሀል መንገድ ላይ ጠፋብን" የምትሉት ደግሞ ኔትወርክ ላይሆን ይችላል። ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ከጀርባ ያለ አፕ ሎኬሽን የሚያገኘው በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፣ ፎርግራውንድ ሰርቪስ (አፑ እየሰራ መሆኑን ለተጠቃሚው እያሳየ የሚቀጥልበት) ከነ ኖቲፊኬሽኑ የግድ ነው።

ሳተላይቱ መኪናውን የሚያይ የሚመስላቸው ጀማሪዎች አሉ፣ አይፈረድባቸውም። ሳተላይት ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ ያሰራጫል፣ ሌላውን የሚያሰላው ስልኩ ነው፣ ሰርቨራችሁ ጋ የሚደርሰው ስልኩ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ የውሸት ሎኬሽን አፕ ከጫነ ያመናችሁት እሱን ነው። ጋሊሊዮ፣ የአውሮፓው ጂፒኤስ መሰል የሳተላይት ሲስተም፣ ሲግናሉ የራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥበት ኦስንማ የሚባል ነገር አለው፣ አሪፍ ነው፣ ግን ውሸቱ ስልኩ ውስጥ ሲፈጠር ምን ያደርግላችኋል? የማይቻል ፍጥነትና ድንገተኛ ዝላይ ሰርቨር ላይ ፈትሹ።

ቴስት ስታደርጉም በራሳችሁ ውድ ስልክ አይደለም፣ እሱ ኤል 5 የሚባለውን ተጨማሪ የሳተላይት ሲግናልም ይቀበላል፣ ፎቅ መሀል ይሻላል። ሾፌሮቹ የሚይዙትን ርካሹን ስልክ ያዙና ዋሻና የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት አስገቡት፣ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች የት እንደሚያርፉ እዩና ከዛ ሒሳብ ላይ ትጨምሯቸው እንደሆነ እናንተው ወስኑ።