አስደንጋጭ ዜና ሲመጣ ጎረምሳ ልጅ ላላችሁ

አገር የሚያስለቅስ ነገር ሲከሰት፣ በተለይ ድሮውንም ጭንቀት ወይም ድብርት የሚያስቸግረው ልጅ ካላችሁ፣ "አይዞህ፣ ምንም አይደለም" ብላችሁ አትለፉት። ነገሩ ከባድ ነው እኮ፤ እሱም ያውቃል። መጀመሪያ "ምን ሰማህ?" በሉት። ግማሹ አሉባልታ ሊሆን ይችላል፣ አብራችሁ ታጣሩታላችሁ። የማታውቁትን "አላውቅም" በሉ።

ፊት ለፊት አፋጥጦ መጠየቅ አይሠራም። ዕቃ እያጠባችሁ ወይም ጎን ለጎን እየሄዳችሁ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ስታወሩ አፉ ይፈታል። ስልኩን መንጠቅ ደግሞ ትርፉ ጠብ ነው። ይልቅ ዜና የሚያይበትን ሰዓት ተስማሙ፣ ቪዲዮ በራሱ እንዳይከፈት ሴቲንጉ ላይ አጥፉለት፣ ማታ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ ይደረግ (የእናንተም ጭምር!)።

ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ካያችሁት "ይሄ ልጅ አያዝንም እንዴ?" አትበሉ፤ በዚህ ዕድሜ ሐዘን መጣ ሄድ ይላል። እንቅልፍ ማጣቱና መነጫነጩ ለሳምንታት ከዘለቀ ባለሙያ አማክሩ። ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ግን ነገሩን ለነገ አታሳድሩት። "ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?" ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት፣ መጠየቃችሁ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውን ሳትተዉት የዚያኑ ዕለት ሐኪም ጋ ውሰዱት።